ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ርቀት

በተለመደው የፒያኖ ኖታ ላይ አምስቱ መስመሮች ከላይ እስከ ታች ሲለኩ 7 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናሉ። በመካከላቸው አራት ክፍተት አለ። ኖታ መስመር ላይም ክፍተት ውስጥም ስለሚቀመጥ፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ቀጣዩ ለመውጣት የኖታው ራስ ከፍ የሚለው ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። በዚያች ስፋት ሦስተኛው አራተኛ ይሆናል፣ አራተኛው አምስተኛ ይሆናል፣ ዜማውም ሌላ ዜማ ይሆናል። ኖታ ማንበብ የሚማር ሰው ዓይኑን የሚያሠለጥነው ይህችን ርቀት እንዲያይ ነው፤ የሚጽፍ ሰው ደግሞ እጁን የሚያሠለጥነው እንዳያዛባት ነው። ዜማውን የደረሰው ይመሰገናል፣ የተጫወተውም ይጨበጨብለታል። ርቀቱን በወረቀት ላይ አጥርቶ ያስቀመጠውን ባለእጅ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ እሱ ሥራ ነው።

በሁለት ድምፆች መካከል ያለው ርቀት ኢንተርቫል ይባላል። ሲቆጠር መነሻውም መድረሻውም ይገባል፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ብለን ከዶ እስከ ሚ ሦስተኛ እንላለን፤ ከዶ እስከ ሶል አምስተኛ፤ ከዶ እስከ ላይኛው ዶ ስምንተኛ፣ ማለትም ኦክታቭ። ጀማሪ በጣቱ እየነካ ይቆጥራል፤ መቁጠሩም ደግ ነው። ይሁንና አምስቱ መስመር ለዓይን ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ከቆጠራ ቶሎ ያወጣል። ሦስተኛ ሁልጊዜ ከመስመር ወደ ቀጣዩ መስመር፣ ወይም ከክፍተት ወደ ቀጣዩ ክፍተት ነው። አምስተኛ በመካከል አንድ መስመር ወይም አንድ ክፍተት ይዘላል፤ ሰባተኛ ሁለት ይዘላል። ሁለተኛ፣ አራተኛ፣ ስድስተኛና ኦክታቭ ግን ወገን ይለውጣሉ፤ አንደኛው ኖታ መስመር ላይ ከሆነ ሌላው የግድ ክፍተት ውስጥ ይገኛል። ይህን አንዴ የተረዳ ዓይን ስድስተኛን ከሰባተኛ ለመለየት መቁጠር አያስፈልገውም። በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ ግዕዙንና ውርዱን አልፎ ቁም ንባብ ሲደርስ ቃሉን በሙሉ እንደሚያነሣው ሁሉ፣ ኖታ አንባቢም ጊዜው ሲደርስ የሚያየው ነጠላ ኖታ ሳይሆን ከኖታ ወደ ኖታ ያለውን መንገድ ነው።

ነገር ግን መስመሩ የሚደብቀው አንድ ነገር አለ። ከመስመር ወደ ክፍተት ያለው ስፋት በዓይን ሁልጊዜ እኩል ነው፤ በጆሮ ግን እኩል አይደለም። ከሚ ወደ ፋ እና ከሲ ወደ ዶ የሚወጣው ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ የቀሩት ደረጃዎች ሙሉ ድምፅ ናቸው። ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣሊያን ውስጥ ዘማሪዎችን ያስተምር የነበረው መነኩሴ ጊዶ ዳሬዞ ይህን ችግር በቀለም ፈታው። የፋን መስመር ቀይ፣ የዶን መስመር ቢጫ አደረገ። ምርጫው የተጠና ነበር፤ ፋ እና ዶ ከበታቻቸው ግማሽ ድምፅ ያለባቸው ሁለቱ ቦታዎች ናቸውና፣ ዘማሪው ቀለሙን ባየ ቁጥር ጠባቡ ደረጃ ከሥሩ እንዳለ ያውቅ ነበር። ዛሬ ቀለሙ የለም፤ በመስመሩ ራስ ላይ የሚቀመጠው ቁልፍ ተክቶታል። በባስ ቁልፍ ጎን ያሉት ሁለት ነጠብጣቦች ዛሬም የፋን መስመር ከላይና ከታች አቅፈው ይዘዋል። ብዙ ተማሪ ጌጥ ይመስሉታል፤ የዚያ የጥንቱ የልኬት ምልክት ወራሾች ናቸው።

የተደበቀውን ለማወቅ የሚሸመደደው ነገር ብዙ አይደለም። ከፒያኖው ነጫጭ ቁልፎች ላይ ሜጀር፣ ማለትም ሰፊ፣ የሆኑት ሦስተኞች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ዶና ሚ፣ ፋና ላ፣ ሶልና ሲ። የቀሩት አራቱ ማይነር፣ ማለትም ጠባብ፣ ናቸው። አራተኞች ሁሉ እኩል ስፋት አላቸው፣ ፐርፌክትም ይባላሉ፣ ከፋና ሲ በስተቀር። አምስተኞችም ሁሉ ፐርፌክት ናቸው፣ ከሲና ፋ በስተቀር።

የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ መክፈቻ መስመሩ ለሚደብቀው ልዩነት ጥሩ ማሳያ ነው። ሲምፎኒው እ.ኤ.አ. በ1808 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ፤ መክፈቻውን የማያውቅ ጆሮ ጥቂት ነው። የአንደኛ ቫዮሊኑ ኖታ ላይ ሦስት ጊዜ ሶል ይመጣል፣ ከዚያ ሚ ፍላት፣ ማለትም በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው ሚ፣ ላይ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ሦስት ጊዜ ፋ፣ ከዚያ ሬ። በወረቀቱ ላይ ሁለቱም አወራረዶች አንድ ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ከሁለተኛው መስመር ወደ አንደኛው መስመር ይወርዳል፤ ሁለተኛው ከአንደኛው ክፍተት ከአንደኛው መስመር በታች ወዳለው ቦታ። ሁለቱም ሦስተኛ ናቸው፣ ለዓይን እኩል ናቸው። ነገር ግን ከሶል ወደ ሚ ፍላት አራት ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም ሜጀር ሦስተኛ ነው፤ ከፋ ወደ ሬ ሦስት ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም ማይነር ሦስተኛ ነው። ፍላቱ ከኖታው አጠገብ እንኳ አልተጻፈም፤ በመስመሩ መጀመሪያ ከቁልፉ ቀጥሎ ከተቀመጡት ሦስት ፍላቶች አንዱ ነው፣ አንባቢው በልቡ ይዞት ይሄዳል። የሚታየው እኩል፣ የሚሰማው የተለያየ። ያንን ልዩነት ዓይን ብቻውን አያመጣውም፤ ዕውቀት ይጨመርበታል።

አሁን ወደ ጸሐፊው እንሂድ። ሁለት ድምፆች በአንድ ጊዜ እንዲመቱ አንዱ ከሌላው በላይ ይጻፋል። ሦስተኛ ከሆነ ሁለቱ ራሶች ተደራርበው ይቆማሉ። ሁለተኛ ሲሆን ግን ቦታው ስለሚጠብ ራሶቹ አንዱ በሌላው ላይ ሊቆሙ አይችሉም፤ ጎን ለጎን ይሆናሉ። ሕጉ አንድ ነው፦ ታችኛው በግራ፣ ላይኛው በቀኝ፤ ከራሶቹ የሚነሣው ዘንግ ወደ ላይም ይሁን ወደ ታች በመካከላቸው ያልፋል። ይህ የገጽ ማስዋቢያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሥር ጣት የተሞላ የፒያኖ ገጽ ላይ ሁለተኛ የት እንዳለ የሚታወቀው ከዚህ ከጎን ወጣ ካለው ራስ ነው፤ ዓይን ሳያነብ ይይዘዋል። በግማሽ ድምፅ ከፍ የሚያደርገው ሻርፕና ዝቅ የሚያደርገው ፍላትም የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። በሦስተኛ ላይ ሁለቱም ኖታዎች ፍላት ካላቸው ምልክቶቹ እንዳይጋጩ የታችኛው ወደ ግራ ይገፋል፤ ርቀቱ ሰባተኛና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ሁለቱም በአንድ ቀጥታ ይሰለፋሉ። ስለዚህ የፍላቶቹ አቀማመጥ ብቻውን፣ ኖታውን ከማየታችን በፊት፣ ርቀቱ ጠባብ ነው ወይስ ሰፊ የሚለውን ይነግረናል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የዘንጉ ርዝመት ነው። አንድ ኖታ የሚይዘው ዘንግ በተለመደው አሠራር ሦስት ተኩል ክፍተት ይረዝማል። ሦስት ተኩል ክፍተት ሰባት ደረጃ ነው፤ ሰባት ደረጃ መውጣት ደግሞ ኦክታቭ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ዘንግ ጫፉ የሚደርሰው የኖታው ኦክታቭ ካለበት ቦታ ላይ ነው ማለት ነው። ገጹ ሙሉ በሙሉ በራሱ መለኪያ የተሠራ ነው። አንድ ሰው ኖታን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ ሲጽፍ ዘንጎቹን አንዱን አጭር፣ አንዱን ረጅም ያደርጋል፤ ገጹም የተረበሸ ይመስላል፣ ምክንያቱን ግን መናገር ይከብዳል። ምክንያቱ መለኪያው መጥፋቱ ነው።

ይህን ሥርዓት በመዶሻና በስለት ያጠሩት የኖታ ቀራጮች ናቸው። ከእነሱ በፊት ቬኒስ ላይ ኦታቪያኖ ፔትሩቺ እ.ኤ.አ. በ1501 የመጀመሪያውን የብዙ ድምፅ ሙዚቃ መጽሐፍ በተንቀሳቃሽ ፊደል ሲያትም፣ ወረቀቱን ከአንድ ጊዜ በላይ በማተሚያው ያሳልፍ ነበር፤ መስመሮቹ ለብቻ፣ ኖታዎቹ ለብቻ። ወረቀቱ በሁለተኛው ዙር በግማሽ ክፍተት ቢንሸራተት የገጹ ኖታ በሙሉ ስሙ ይለወጣል። ሥራው ግን እስከ ዛሬ ሲታይ ኖታው በቦታው ነው። በኋላ የመጣውና እስከ ቅርብ ዘመን የተሠራበት የቀራጮቹ ዘዴ ሌላ ነበር፤ ዛሬም ሊቃውንት ለውበቱ የሚመሰክሩለት እሱ ነው። ቀራጩ ከቆርቆሮና ከእርሳስ ቅይጥ የተሠራ ለስላሳ የብረት ገበታ ያነሣል። በመጀመሪያ ገጹን በሙሉ አስቦ እያንዳንዱ ኖታ የሚያርፍበትን ቦታ በቀጭኑ ያመለክታል። ከዚያ አምስት ጥርስ ባለው መጫሪያ አምስቱን መስመር በአንድ ጉተታ ይስባል። ቁልፉን፣ የኖታውን ራስ፣ ሻርፕና ፍላቱን፣ እያንዳንዱን በራሱ የብረት ማኅተም እያስነካ በመዶሻ ይመታል። ዘንጉን፣ ኖታዎችን የሚያያይዘውን ወፍራም ሰረዝና ቀስቱን በስለት ይቀርጻል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ተገልብጦ ነው። ገበታው ሲታተም ስለሚዞር፣ ቀራጩ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለተኛ ሲመታ ታችኛውን በቀኝ፣ ላይኛውን በግራ ማስቀመጥ አለበት፤ ሲታተም ነው ወደ ቦታው የሚመለሰው። ሲሳሳት ደግሞ መደምሰሻ የለውም። የስህተቱን ቦታ በመለኪያ ይዞ ገበታውን ይገለብጣል፣ ከጀርባው በመዶሻ እየመታ ብረቱን ወደ ላይ ይመልሰዋል፣ ፊቱን አለስልሶ እንደገና ይቀርጻል። የጀርመኗ ላይፕዚግ በዚህ ሙያ ስሟ የገነነ ከተማ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1846 የተመሠረተው የሮደር ድርጅት ለብዙ አሳታሚዎች ይቀርጽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው የሄንሌ አሳታሚ ድርጅትም እስከ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ገደማ በእጅ የተቀረጸ ኖታ ያወጣ ነበር።

እንዲህ ያለ ገጽ ስታገኙ ቀስ ብላችሁ እዩት። ኖታው የተለጠፈ አይመስልም፤ ከመስመሩ ጋር የተዋደደ ነው። መስመር ላይ ያለን ራስ መስመሩ በትክክል ለሁለት ከፍሎታል፤ ክፍተት ውስጥ ያለ ራስ ከላይም ከታችም መስመሩን ነክቷል፣ አላለፈም። ኖታዎችን የሚያያይዘው ሰረዝ ዜማው ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል፤ ነገር ግን ዜማው ኦክታቭ ሙሉ ቢዘል እንኳ ሰረዙ በለዘብታ ብቻ ያዘነብላል፤ አቅጣጫውን ይጠቁማል፣ ልኩን ለኖታዎቹ ይተውላቸዋል። ይህን የወሰነው የቀራጩ ዓይን ነው።

ከቅርጹ በላይ ደግሞ የአጻጻፍ ጥበብ አለ፤ እዚህ ላይ ነው መጻፍ ከማንበብ የሚከብደው። ፋና ሲ ስድስት ግማሽ ድምፅ ይራራቃሉ። ሲና ላይኛው ፋም እንዲሁ ስድስት። በጆሮ አንድ ናቸው፤ በወረቀት ግን አንዱ ኦግመንትድ አራተኛ፣ ሌላው ዲሚኒሽድ አምስተኛ ነው። የተለያየ ስም የያዙት በከንቱ አይደለም፤ መሄጃቸው ይለያያል። የሰፋው አራተኛ ይበልጥ ሊሰፋ ይፈልጋል፤ ፋ ወደ ሚ ይወርዳል፣ ሲ ወደ ዶ ይወጣል፣ ስድስተኛ ይሆናሉ። የጠበበው አምስተኛ ይበልጥ ይጠብባል፤ ሲ ወደ ዶ፣ ፋ ወደ ሚ ሄደው ሦስተኛ ላይ ያርፋሉ። በትክክል የተጻፈ ኢንተርቫል የቆመበትን ብቻ ሳይሆን የሚሄድበትንም ይናገራል። ሶል ፍላትና ፋ ሻርፕ በፒያኖ ላይ አንድ ጥቁር ቁልፍ ናቸው፤ ለዘማሪ ግን አንዱ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ የሚያይ ፊት አላቸው።

ይህ ነገር ወደ እኛ ቅኝት ሲመጣ ይበልጥ ይከብዳል፣ ይበልጥም ያምራል። አገራችን ድምፅን በምልክት ለመያዝ እንግዳ አይደለችም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ይዘት፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት በሚባሉ ምልክቶች ይመራል፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ከጽሑፉ በላይ የሚሰፈሩትን ፊደላት እንዳደራጁ ይነገራል። እነዚያ ምልክቶች ተማሪው በዜማ ቤት ዓመታት ቆጥሮ በቃሉ የያዘውን ዜማ ይቀሰቅሳሉ እንጂ ከድምፅ እስከ ድምፅ ያለውን ርቀት አይለኩም። አምስቱ መስመር በሌላ በር ነው የገባው፤ ከበሮቹም አንዱ እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖና ቫዮሊን የሚማረው ልጅ ከክራር፣ ከማሲንቆና ከዋሽንት ጋር በአንድ ግቢ ያድጋል፤ ስለዚህ ቅኝትን በአምስት መስመር መጻፍ የዕለት ሥራ ሆኗል።

አንቺ ሆዬን እንውሰድ። ከዶ ተነሥቶ በተለመደው አጻጻፍ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ርቀቶቹ በግማሽ ድምፅ ሲቆጠሩ አንድ፣ አራት፣ አንድ፣ ሦስት ናቸው፤ ከላ ወደ ላይኛው ዶ ደግሞ ሦስት። ሁለቱን ሦስቶች በወረቀቱ ላይ ተመልከቷቸው። ከላ ወደ ዶ ከክፍተት ወደ ቀጣዩ ክፍተት ነው፣ ማይነር ሦስተኛ። ከሶል ፍላት ወደ ላ ግን ከመስመር ወደ አጠገቡ ክፍተት ነው፤ ለዓይን ሁለተኛ፣ ለጆሮ የሦስተኛ ያህል ሰፊ። ኦግመንትድ ሁለተኛ ይባላል። ለአዲስ አንባቢ ያስቸግራል፤ ቦታው ቅርብ፣ ዝላዩ ሩቅ ነውና። ስለዚህ አንዳንዱ ጸሐፊ ለማቅለል ብሎ ሶል ፍላትን ፋ ሻርፕ አድርጎ ይጽፈዋል። አሁን ከፋ ሻርፕ ወደ ላ ሦስተኛ ሆነ፣ ለዓይን ተመቸ። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ፋና ፋ ሻርፕ በአንድ ክፍተት ውስጥ ተጨናነቁ፤ ዜማው ከአንዱ ወደ ሌላው በተመላለሰ ቁጥር ሻርፕና ሻርፑን የሚሽረው ናቹራል እየተፈራረቁ ገጹን ይሞሉታል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ፣ ከቅኝቱ አምስት ድምፆች ሁለቱ የአንድ ድምፅ ሁለት መልክ መስለው ይታያሉ። አንቺ ሆዬ ግን አምስት አባላት ያሉት ቤት ነው፤ አራተኛው አባል የሦስተኛው ጥላ አይደለም።

ሶል ፍላት ብሎ የጻፈው ሰው ለአምስቱም ድምፆች የየራሳቸውን ቦታ ሰጥቷል። ሁለቱን ፍላቶች፣ ሬንና ሶልን፣ በመስመሩ ራስ ላይ አንዴ ቢያስቀምጣቸው ደግሞ ገጹ ከነጭራሹ ይጠራል። እንዲህ ያለ ጥምረት በተለመዱት የቁልፍ ምልክቶች ውስጥ የለም፤ ግን ክልክል አይደለም። ሃንጋሪያዊው ቤላ ባርቶክ ሚክሮኮስሞስ በተባሉት 153 የፒያኖ ልምምዶቹ ውስጥ ዜማው የጠየቀውን ፍላትና ሻርፕ ብቻ መርጦ ያስቀመጠባቸው ቦታዎች አሉ።

በትክክል የተጻፈ ገጽ ጆሮ የዘለለውንም ያሳያል። አምባሰልን ከዶ ጻፉ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ማይነሩን ትዝታ ደግሞ ከፋ ጻፉ፦ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት። አምስቱ ድምፆች አንድ ናቸው፤ የተለየው ቤቱ የቆመበት መሠረት ነው። ሁለቱን ሲሰማ ይህን ወዲያው የሚያስተውል ጥቂት ነው፤ ጎን ለጎን ተጽፈው ሲያይ ግን የሚስተው የለም። እርግጥ ነው፣ የክራሩ ክርና የማሲንቆው ጣት ከፒያኖው አሥራ ሁለት እኩል ደረጃዎች ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም፤ አንዳንዱ ድምፅ ከሚጻፍበት ቦታ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ይላል። ኖታው ያንን ሁሉ ልያዝ አይልም። የሚይዘውን ግን በሐቅ ይይዛል፤ ከጸሐፊው የሚጠበቀውም ይኸው ነው።

ዛሬ አብዛኛው ኖታ የሚጻፈው በኮምፒውተር ነው። የፒያኖውን ቁልፍ ስትነኩ ፕሮግራሙ የሚያውቀው የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ብቻ ነው፤ ፋ ሻርፕ ይሁን ሶል ፍላት በራሱ ልማድ ይወስናል፣ ልማዱም ስለ አንቺ ሆዬ አያውቅም። ስለዚህ ለቤተ ክርስቲያን መዘምራን፣ ለትምህርት ቤት ባንድ ወይም ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆቻችን የአገር ዜማ በኖታ የምታዘጋጁ ሁሉ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ፦ ገጹን ከማተማችሁ በፊት አምስቱን የቅኝቱን ድምፆች በዳር ላይ በእጃችሁ ጻፏቸው፣ ከዚያ በዜማው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ሻርፕና ፍላት ከዚያ ጋር አስተያዩት። የማይገጥመውን አርሙ። ለአንድ ዘፈን ሥራው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።